ቆዳ አይቸኩልም

በዚህ ዕድሜ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ግማሹን ለመታከም፣ ግማሹን ደግሞ ሰው ለማግኘት ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ አሶሳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ በተጫናት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ። ማንጎው የበሰለ ሰሞን ቆርቆሮው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር «ማነው?» እላለሁ። የሚመልስ የለም። ወጥቼ አነሳውና አጥቤ እበላዋለሁ። ስልኬም ብትሆን የምትጮኸው ጥቅል ግዛ ልትለኝ ነው። ስለዚህ የእጄ ነገር ባሰብኝ ብዬ ወደ ቆዳ ሕክምናው ክፍል የሄድኩ ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሸሚዜን ተኩሼ ጫማዬን አስጠርጌ ነበር።

በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ዝቅ ብሎ፣ የሳንቲም ያህል ክብ ነጭ ምልክት አለችኝ። የወጣችብኝ በወጣትነቴ ነው። የእጄ ቆዳ በሙሉ ተጨማዶ እሷ ብቻ እስከ ዛሬ ልሙጥ ናት። ዘንድሮ ግን ከጠርዟ ላይ ሻካራ ነገር በቀለ፤ ከኪሴ እጄን ባወጣሁ ቁጥር እየታከከ ይደማል። ክፍሉ ውስጥ የተቀበለችኝ ሃዋ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት፤ የአገሬው የበርታ ልጅ መሆኗን ከአነጋገሯ አወቅሁ። እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችና «አባባ፣ ይሄ ነጩ ከልደት ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ከሕክምና ነው። አንቺ ሳትወለጂ።»

«ሻካራው መጥፎ ነገር እንዳይሆን በብርድ እናቃጥለዋለን። ነጩም ላይ ትንሽ ልግባበት፤ ነጭ ቆዳ ፀሐይ አይችልም፣ ከዚያ ነው የበቀለው።»

«ጠርዙን ብቻ» አልኳት። «ነጩን አትንኪብኝ።»

ገርሟት አየችኝ እንጂ አልተከራከረችም። ከጥግ የብረት ዕቃ አምጥታ ክዳኑን ስታነሳ ያ ነጭ ጢስ ወጣ። እንደ ሌላ ጢስ ወደ ላይ አይሄድም፤ በዕቃው አንገት ተሻግሮ ወለሉ ላይ ይፈስና እግር ሥር ይጠፋል። ስንት ዘመን አላየሁትም ነበር። ሃዋ ከትንሿ ጠርሙስ እየረጨች ጠርዙን አነጣችው፤ እኔ የማየው ግን ጢሱን ነበር። ስትጨርስ «መቼ ይድናል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ቆዳ አይቸኩልም፤ እርስዎም አይቸኩሉ» አለችኝና ቀጠሮ ሰጠችኝ። ይህን ቃል በሕይወቴ የሰማሁት ከአንዲት ሴት አፍ ብቻ ነው። ምናልባት የቆዳ ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይሆናል ብዬ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነበር። በሰፈራው ጊዜ ጎረምሳ ሆኜ ከቤተሰቤ ጋር ከወሎ መጥቼ፣ በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ አደግሁና ሰልጥኜ እዚሁ ተመደብኩ። የተመረጠ የኮርማ ዘር በቀጭን ቀሰም ውስጥ ሆኖ፣ ኮንቴይነር በምንለው ትልቅ ዕቃ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ላም ኮርማ ፈለገች ሲሉኝ ከዚያ ቀድቼ በትንሹ ኮንቴይነር ይዤ በሞተር እሄዳለሁ፤ ወደ አምባዎቹ፣ አንዳንዴም እስከ ባምባሲ። ሕዝቡ ሰይድ የሚለውን ስሜን ረስቶት ነበር። ሞተሬ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ልጆቹ «አባ ኮርማ መጣ! አባ ኮርማ መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። ኮርማው የት እንዳለ ለማየት ኮርቻዬን ዞረው የሚፈትሹ ሽማግሌዎችም ነበሩ። አንዱ የባምባሲ ሰውዬ «በጠርሙስ የተረገዘ ጥጃ ወተቱም በጠርሙስ ይሆን?» ብሎ ገበያውን በሙሉ አስቆብኛል። ኋላ ጥጃዋ አድጋ ወልዳ ስትታለብ ግን ለቅምሻ የጠራኝ እሱ ነው።

አሶሳ ያኔ ከማንጎ ዛፎቿ ሥር የተሰበሰበች ከተማ ነበረች። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ ተርጋል ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ይቀላል፣ በክረምት ጫማዬን በእጄ ይዤ እሄዳለሁ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ጥጉ ላይ፣ ከሱዳን በኩል የመጣ ሰውዬ ያቋቋማት የቀርከሃ ሻይ ቤት ነበረች። ቀይ ከርከዴ በትንሽ ብርጭቆ በስሙኒ ይሸጣል። ዛሬ ስሙኒ ስል የሚያየኝ ልጅ ሁሉ የሌላ አገር ገንዘብ የጠራሁ ይመስለዋል። ከማለዳ እስከ ማታ የሱዳን ዘፈን በካሴት ይጫወታል፤ ክሩ ስለላላ ዘፋኙ በየመሐሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል፤ እኛም ዘፈኑን እንደዚያው እየጎተትን ነው የተማርነው። የአገሬው ሴቶች ቶባቸውን፣ ያን ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠም ስስ ቀለማም ልብስ፣ ለብሰው ሲያልፉ መንገዱ ይደምቃል፤ ሎሚ ቀለም፣ ወይን ጠጅ፣ ውሃ ሰማያዊ። አሁን ሻይ ቤቷ የነበረችበት ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ ሥሩ ሞባይል ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ እግሬ ሳላስበው ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮንቴይነሮቹ ካሉበት መጋዘን በር ላይ ነጭ የነርስ ልብስ ለብሳ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ የሻይ ፔርሙስ በብብቷ ይዛ አንዲት ሴት ቆመች። «አባ ኮርማ አንተ ነህ?» አለችኝ። «ሰይድ እባላለሁ» አልኳት ኮስተር ብዬ። «እሺ ሰይድ፣ ከላሞችህ የተረፈ ብርድ አለህ?» ሲስተር ዘይነባ ይህች ናት። የመንጌ ልጅ፤ አባቷ ወርቅ አጣቢ ነበሩ። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ ኪንታሮትንና ጠባሳ ላይ የሚያብጠውን ሥጋ በብርድ ማከም ተምራ መጥታለች፤ ሙያው አለ፣ ብርዱ የለም። እኔ ዘንድ ደግሞ ብርድ ነበር። ናይትሮጅን የሚባለው ነገር ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም መብነኑ አይቀርም፤ ብትቆልፍበትም አይቆይልህም። መኪናው ከነቀምት በኩል አርብ አርብ አዲሱን ሲያመጣልን፣ ሐሙስ የቀረው ዝቃጭ እንዲሁ የሚባክን ነበር። አለቃዬም «ከሚበን ለሰው ይሁን» ብሎ ፈቀደ።

በዚህ የተነሳ ሐሙስ የኔና የሷ ቀን ሆነ። እኔ እቀዳለሁ፣ እሷ ፔርሙሱን ትይዛለች፣ ክዳኑን ከላይ ጣል ታደርገዋለች እንጂ አታጠብቀውም፤ ትንፋሽ ካጣ ይፈነዳልና። አንድ ቀን የሐኪም ቤቱ ዘበኛ «ሲስተር ብርዱ እየወጣባት ነው» ብሎ አዝኖላት፣ በቀና ልቡ ክዳኑን እስኪበቃው አጥብቆት ኖሯል። ፔርሙሱን ላስገባላት አብሬያት ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ፊታችንን እንዳዞርን ክዳኑ ጧ ብሎ ተነስቶ ኮርኒሱን በስቶ ጣሪያው ውስጥ ቀረ። እኔ በር ላይ ራሴን አገኘሁት፤ እሷ ወንበሩን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «አባ ኮርማ፣ በሬ የማትፈራው ሰውዬ ክዳን ፈራህ?» አለችኝ። ያን ቀን ነው ልቤ የሄደው። እስከዚያ ድረስ መልከ መልካም ናት እል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለሷ ሐሙስ ሐሙስ አልመስልህ አለኝ።

እኔም ኪንታሮት ነበረችኝ። እጄ ላይ ነው ያልኩት፤ ጓደኞቼ ግን ሐሙስ ሐሙስ ኪንታሮት ልታከም ነው ስል ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብኝ ነበር። ዘይነባ በሽተኞቿን ስትጨርስ ጥጥ የጠቀለለችበትን የቀርከሃ ስንጥር ከፔርሙሱ ነክራ እጄ ላይ ታሳርፈዋለች። ቆዳው ዓይኔ እያየ ውርጭ ይመስላል። «አላመመኝም» ብዬ እጎርራለሁ። «ቆይ፤ ሲቀዘቅዝ አያምም። ሲሞቅ ነው» ትላለች። እንዳለችውም ደሙ ሲመለስ እንደ ጊንጥ ይነድፈኛል፤ እሷ እጄን እንደያዘች ነው። ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱ ይወድቃል፤ ኪንታሮቷ ደግሞ እንደገና ብቅ። ደስ ይለኝ ነበር ብቅ ስትል። ሰው ሁሉ ሲጣደፍባት የምትለው አንድ ነገር ነበራት፦ «ቆዳ አይቸኩልም።» በመጨረሻ ኪንታሮቷ ጠፋች፤ ቦታዋ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ዘይነባ አዘነች። «ጥቁር ቆዳ ብርድ አይወድም፤ ቀለሙን ጥሎ ይሄዳል» አለችኝ። እኔ ግን ልክ ቀለበት እንዳሰረችልኝ ነበር የቆጠርኩት።

ሽማግሌ ላክሁ። ከአምባችን ሁለት አዛውንት በጭነት መኪና መንጌ ድረስ ሄደው አባቷን ጠየቁልኝ። መልሱ ክፉ አልነበረም፤ «ልጁን አምጡት፣ ልየው» አሉ። በሃይማኖት አንድ ነን፤ ሰፋሪ መሆኔን ብዙም ያከበዱት አልመሰለኝም። አዲስ ሸሚዝ ገዝቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። መንጌ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ከግቢያቸው ጥግ ወርቅ የሚያጥቡበት የእንጨት ገበታ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አባቷ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጫቸው ላይ የአገሩ ሦስት መስመር ያለባቸው ሰው ናቸው። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። እንግዳ አክባሪ ናቸውና ኢብሪቁን ራሳቸው አንስተው እጄን ሊያስታጥቡኝ ጎንበስ አሉ። ውሃው ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ቀና ስል እጄን እያዩ ነው።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው አባቴ። በብርድ አክመውኝ ነው የነጣው።»

«ብርድ? ብርድ ያቃጥላል?» ሽማግሌዎቹን አዩ። «እኔ እሳት ያውቃል። እሳት ጥቁር ነው የሚያደርገው። ነጭ ለምጽ ነው፣ ወላሂ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብልህ ነበር። «አባቴ፣ ልጅዎ ነርስ አይደለችም? እሷው ትጠየቅ፤ ሕክምናውን የምታውቀው እሷ ናት» አለ። ዘይነባ ከበሩ ወዲያ ሁለተኛውን ትሪ ይዛ ቆማ ነበር፤ የሻሿ ጫፍ ይታየኛል። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። ዝም አለች። አባቷ ጠበቁ፣ እኛም ጠበቅን። ትሪውን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። አባቷ ኢብሪቁን አኖሩና በቀስታ፣ ሳይቆጡ፣ «አንተ ልጅ ጥሩ ነው። እኔ ሴት ልጄ ግን አንድ ነው። እጅህ ይዳን፣ ከዚያ እንነጋገር» አሉ። ለእኔ በተለየ ሳህን ምግብ ቀረበልኝ። አልበላሁትም።

ለምን ዝም አለች? ዕድሜዬን በሙሉ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ይህ ነው። ያን ምልክት ያወጣችው ራሷ ናት። «አባቴ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ለምጽ አይደለም» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። አባቷ አላወቁም፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን ታውቃለች። በኋላ ስታስበው ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል አልኩ፤ ለእጅ እንጂ ለትዳር አልፈለገችኝም ይሆናል አልኩ። በሳምንቱ ከአምባዎቹ ስመለስ የመጋዘኑ ጠባቂ «ሲስተር መጥታ ነበር፤ ፔርሙሷን አስሞልታ ሄደች» አለኝ። ቀኑ ሐሙስ አልነበረም። እኔ የማልኖርበትን ቀን መርጣ መምጣቷን እንደ መልስ ቆጠርኩት። ወዲያው ከአባይ ማዶ፣ ጉባ ወረዳ፣ ማንኩሽ ለከብት ክትባት ሰው ይፈለጋል ተባለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲቀርልኝ እግር ስሜ የምለምነውን ዝውውር አንገቴን ነቅንቄ ተቀበልኩ። ያኔ ወንዙን ለመሻገር አገር ዞረህ ነው የምትሄደው፤ ወሬም እንደ ሰው ዞሮ ነው የሚደርሰው፣ ከደረሰ።

ማንኩሽ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ዛሬ ግድቡን ለማየት ስንት መኪና ያልፍበታል፤ ያኔ የሚያልፈው ሙቀትና ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ነበር። አገባሁ፣ አልሰመረም፤ ቂም የለንም፣ እሷም ልጃችንን ይዛ ወደ አገሯ ገባች። ልጄ ሰው ሆኗል፣ በዓል ሲሆን ይደውላል። ጡረታ ስወጣ ወዴት ልሂድ ብዬ ሳስብ ከአሶሳ ሌላ አልመጣልኝም። ዘይነባ ሥራዋን ለቃ መንጌ ገብታ፣ አግብታ ወልዳለች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። የሰው ሚስት ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ናፍቆቱ ግን ነበረ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ናፍቆቱ አልሞተም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ዛሬም አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል።

የቀጠሮዬ ቀን ደርሶ ተመለስኩ። ቅርፊቱ ወድቋል፤ ሃዋ ግን እጄን እያገላበጠች ከንፈሯን ነከሰች። «ከሥሩ ቀርቷል አባባ። ነጩ ውስጥ ገብቷል። ካልነካሁት አይድንም።» እጄን ሰበሰብኩ። እንደ ልጅ መሆኔ ሳይገባት አልቀረም፤ ፈገግ አለች።

«አክስቴን፣ የአባቴን እህት፣ መሰሉኝ። አክስቴም ልክ እዚሁ ላይ፣ እንዲሁ ክብ ነጭ ነበራት። እሷም አታስነካም ነበር።»

«አክስትሽ ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«ምንም። ጤነኛ ቆዳዋን ራሷ ነው ያቃጠለችው። ነርስ ነበረች፣ ዘይነባ። ድሮ አንድ ሰው ሊያገባት መጥቶ አያቴ እጁ ላይ ነጭ አይቶ ለምጽ ነው ብሎ መለሰው። እሷ ምን ታድርግ? በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ልጅ በራሷ ጉዳይ አፏን አትከፍትም። ብትከፍትም ስለወደደችው ትዋሻለች ይሏታል። አሶሳ ወርዳ በፔርሙስ ብርዱን ይዛ መጣች፤ አባቷ ቁጭ ብሎ እያየ እጇ ላይ አደረገችው። ‹አሁን ጠብቅ› አለችው።»

«ጠበቁ?»

«ጠበቀ። ውሃ ቋጠረ፣ ጠቆረ፣ ወደቀ። ወራት ፈጀ፤ ቆዳ አይቸኩልም። እሱም የሷ ቃል ነው። ሲነጣ አያቴ እጇን ይዞ አየና ‹ኸላስ፣ በቃ፣ ለምጽ አይደለም፤ ይምጣ› አለ። ሰው ላኩበት። ግን አባይን ተሻግሮ ሄዷል አሏቸው።»

«አክስትሽ… አለች?»

«ዓምና ክረምት ሞተች። የሚያጥቧት ሴቶች ነጩን አይተው ሲፈሩ እናቴ ናት ታሪኩን የነገረቻቸው።» ጥጥ እያዘጋጀች ሳቅ አለች። «የሰውየውን እውነተኛ ስም ማንም አያውቀውም። አባ ኮርማ ነው የሚሉት። ልጆች ሆነን አክስቴን በሱ እናበሽቃት ነበር። ስሙ ያስቃል፣ አይደል?»

«ያስቃል» አልኳት።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አፌ ድረስ መጣና ቆመ፤ ትሪ ይዤ በር ላይ የቆምኩ ያህል ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን ስበሳጭበት የነበረው ዝምታ ይኸው በራሴ ላይ ደረሰ፤ ውስጡ ባዶ እንዳልነበረም ያን ጊዜ ገባኝ። ሃዋ ዕንባዬን አይታ ፍርሃት መሰላት። መዳፏን በመዳፌ ሥር አድርጋ፣ አክስቷ ትይዘው እንደነበረው አድርጋ ያዘችኝ።

«ልንካው አባባ? አይጠፋም። ብርድ ሲነካው ይሰፋል እንጂ ነጩ አይጠፋም።»

«ይስፋ» አልኳት።